ምዕራፍ ስድስት፦ ምስክሩ ባሕር ማዶ ነው

በ1850ዎቹ ሜልቦርን ውስጥ የታተመ ጋዜጣ ያነሣ ሰው ዜና ለማግኘት ገጽ መግለጥ ነበረበት። የፊት ገጹ የማስታወቂያ ነው። በጠባብ ዓምዶች፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከእንግሊዝ የገቡ መርከቦች ስም፣ የሚከራይ ክፍል፣ የጠፋ ፈረስ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ ቤት ተደርድሯል። በመካከሉ ጎላ ባለ ፊደል «የሆሎዌይ ክኒኖች» የሚል ርእስ ይታያል። ከርእሱ ሥር አንድ ደብዳቤ አለ። ጸሐፊው ለዓመታት ሲማቅቅ እንደኖረ፣ ሐኪሞችም ተስፋ እንደቆረጡበት፣ ጥቂት ሳጥን ክኒን ከዋጠ በኋላ ግን ድኖ ወደ ሥራው እንደተመለሰ ይመሰክራል።

ደብዳቤው ሲያበቃ ክኒኑ የሚያድናቸው በሽታዎች በፊደል ተራ ይዘረዘራሉ፦ ወባ፣ አስም፣ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ማንኛውም ዓይነት ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ ሪህ፣ ራስ ምታት፣ የወፍ በሽታ፣ የጉበት ሕመም፣ ኪንታሮት፣ ቁርጥማት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ ዕጢ፣ የሆድ ትላትል። የዝርዝሩ መጨረሻ ደግሞ የቀረ ሰው እንዳይኖር «መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ማንኛውም ድካም» ይላል። ከዚያ ዋጋው ይከተላል፤ ትልቁን ሳጥን የሚገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ እንደሚቆጥብም ይነገረዋል።

ከመቀጠላችን በፊት ለንባቡ የሚያግዙ ሁለት ነገሮች ላስቀድም። በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዘመኑ የብሪታንያ ገንዘብ ደግሞ እንዲህ ይመነዘር ነበር፦ 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ 1 ሽልንግ 12 ፔኒ፣ 1 ፔኒ 4 ፋርዚንግ። ጊኒ የሚባለው 21 ሽልንግ ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901 በነገሡበት ዘመን ከብሪታንያ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኒውዚላንድ፣ ወደ ካናዳና ወደ ደቡብ አፍሪካ እጅግ ብዙ ሕዝብ ፈለሰ። መድኃኒቱም፣ ሳሙናውም፣ የሥጋ መረቁም ተከትሏቸው ሄደ። ለነዚህ ሰፋሪዎች የሚሸጥ ነጋዴ ትልቁ ሀብቱ ርቀት ነበር። ገዢው ሻጩን አያገኘውም። መስካሪውን አያውቀውም። በሳጥኑ ውስጥ ያለውን የሚመረምርለትም የለም። ሰፋሪዎቹ የተታለሉት ቂል ስለነበሩ አይደለም፤ የሚያውቁበት መንገድ ስለተዘጋባቸው ነው። መንገዱ እንዴት እንደተዘጋና ማን እንደከፈተው ማወቅ ዛሬም ይጠቅመናል።

ሐኪም የራቀበት አገር

በ1851 ቪክቶሪያ በሚባለው የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛት ወርቅ ተገኘ። በዚያ ዓመት 77 ሺህ ገደማ የነበረው የቅኝ ግዛቱ ሕዝብ በ1861 ወደ 540 ሺህ ተጠጋ። ወርቅ ፈላጊው የሚኖረው በድንኳን ነው። ወርቅ የሚታጠብበት ጅረት የሚጠጣበትም፣ ቆሻሻ የሚወርድበትም እሱው ነበር። ተቅማጥና ታይፎይድ በየሰፈሩ ገባ። በገጠር በግ የሚያረቡት ደግሞ ከቅርቡ ሐኪም የአንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ የፈረስ መንገድ ይርቁ ነበር። ሌሊት ልጇ ትኩሳት የያዘው እናት በእጇ ያለው መደርደሪያዋ ላይ ያስቀመጠችው ጠርሙስ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ቢገኝስ ምን ያደርግ ነበር? በዘመኑ የነበረው ሕክምና በሽተኛን ደም ማፍሰስን፣ ሜርኩሪ ያለበት ካሎሜል የሚባል መድኃኒት መስጠትን ይጨምር ነበር። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ገና በውል አልታወቁም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከሐኪም ይልቅ በሱቅ ክኒን የተማመነ ሰፋሪ ሞኝ አይባልም። ክኒኑ ከሜርኩሪው ያነሰ ጉዳት ያደረሰበት ጊዜ ብዙ ሳይሆን አይቀርም።

ክኒኑ ደግሞ ሲሠራ ይታያል። የሆሎዌይም ሆነ ቢቻም የሚባለው ሌላ ክኒን በኋላ ሲመረመር የተገኘው እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ነው። እሬት ሆድ ያላላል። የዋጠው ሰው በማግሥቱ ሰውነቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደተንቀሳቀሰ በራሱ ያረጋግጣል። አብዛኛው ትኩሳት፣ አብዛኛው የሆድ ሕመምና ራስ ምታት ደግሞ ምንም ባይወሰድለትም በሳምንት ውስጥ ይለቃል። ሰውየው ሲሻለው ያስታወሰው ክኒኑን ነው። ስለዚህ ለነጋዴው ይላኩ ከነበሩት የምስጋና ደብዳቤዎች ከልብ የተጻፉ እንደነበሩ ማመን አያስቸግርም። የዳነ ሰው ጽፎ ያመሰግናል፤ የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ጋዜጣው ላይ የሚወጣው የአንዱ ወገን ድምፅ ብቻ ነው።

ወደብ ላይ የቆመው ነጋዴ

ቶማስ ሆሎዌይ በ1800 በእንግሊዝ ተወለደ። ሕክምና አልተማረም፤ በማስታወቂያዎቹ ላይ ግን ራሱን «ፕሮፌሰር» ብሎ ይጠራ ነበር። በ1837 በለንደን ቅባት መሸጥ ጀመረ፤ ክኒኑን ቀጥሎ ጨመረበት። መጀመሪያ አልሆነለትም። ለማስታወቂያ የተበደረውን መክፈል አቅቶት ባለዕዳዎች ወደሚታሰሩበት ወህኒ ወረደ። ሲወጣ ማስታወቂያውን አልቀነሰም፤ ጨመረ።

የሆሎዌይ ብልኃት የታየው ገና በድህነቱ ዘመን ነው። በየቀኑ ወደ ለንደን ወደብ እየወረደ ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱ የመርከብ አዛዦችና ተሳፋሪዎች ቅባቱንና ክኒኑን ያስተዋውቅ ነበር። ምርጫው በጥልቅ የታሰበበት ነው። አውስትራሊያ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ በመርከብ ይኬዳል። ተሳፋሪው በመንገድ ሊታመም እንደሚችል፣ በሚደርስበት አገርም ማን እንደሚያክመው እንደማያውቅ ልቡ ያውቀዋል። አገሩን ለቆ የሚሄድ ሰው የሚፈራው ነገር አለው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይገዛል። ያ ተሳፋሪ ሳጥኑን ይዞ ሲገባ ሆሎዌይ ሳይሄድ ስሙ ሲድኒ ደረሰ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ለማስታወቂያ ያወጣው ገንዘብ እየናረ ሄደ፦ በ1842 በዓመት 5,000 ፓውንድ፣ በ1851 20,000፣ በ1855 30,000፣ በሞተበት በ1883 ደግሞ 50,000 ፓውንድ። የአጠቃቀም መመሪያዎቹ በብዙ ቋንቋዎች፣ በቻይንኛ ጭምር፣ ታተሙ። ከሀብቱ በከፊል ለሴቶች ያሠራውን ኮሌጅ በ1886 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው መርቀው ከፈቱት። የፈረንሳዩን የሻምቦር ቤተ መንግሥት አስመስሎ በቀይ ጡብ የተሠራው ያ ሕንጻ ከለንደን ወጣ ብሎ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ያገለግላል። እሬትና ዝንጅብል ቤተ መንግሥት የሚያህል ትምህርት ቤት ማሠራት እንደቻለ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው። ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚያገኙበት በር ጠባብ በነበረበት ዘመን ኮሌጁ የሠራው በጎ ሥራ አይካድም። ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣም መርሳት አይገባም።

መንግሥት የወሰደው እርምጃም ነጋዴውን አግዞታል። ብሪታንያ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ትጥለው የነበረውን ቀረጥ በ1853፣ የጋዜጣ ቴምብር ቀረጥን በ1855፣ የወረቀት ቀረጥን በ1861 አነሣች። ጋዜጣ ረከሰ፣ አንባቢ በዛ፣ ማስታወቂያ ጎረፈ። የስዊዝ ካናል በ1869 ተከፈተ፤ በ1872 ደግሞ አውስትራሊያ በቴሌግራፍ ከለንደን ጋር ተገናኘች። ዕቃው በፍጥነት ደረሰ። ስለ ዕቃው የሚነገረው እውነት ግን ከዕቃው ጋር አልተጓዘም።

ለለንደን ከማኒላ፣ ለሜልቦርን ከለንደን

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል የአገራችን ሰው። የመድኃኒት ማስታወቂያ ግን ሩቁን መረጠ። ለሲድኒ አንባቢ የሚቀርበው የለንደን ሎርድ ነው፤ ለለንደን አንባቢ የሚቀርበው ካልኩታ ያለ የጦር ሐኪም ነው። መስካሪውን ሄዶ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ማንም የለም። ርቀቱ ራሱ ለምስክሩ ክብር ይጨምርለታል።

የዚህ ጥበብ ምርጥ ማሳያ ክሎሮዳይን ነው። ህንድ በነበረው የብሪታንያ ሠራዊት ውስጥ ሐኪም የነበረው ጆን ኮሊስ ብራውን በ1848 ለኮሌራ ብሎ ቀመመው፤ ከ1856 ጀምሮ ለንደን ውስጥ ዴቨንፖርት የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ያመርተውና ይሸጠው ጀመር። በውስጡ ከኦፒየም የሚገኝ ሞርፊን፣ ክሎሮፎርምና ካናቢስ ነበረበት። ለሳል፣ ለጉንፋን፣ ለአስም፣ ለተቅማጥ፣ ለኮሌራ፣ ለእንቅልፍ ማጣት፣ ለነርቭ ሕመም ይበጃል እየተባለ በህንድ፣ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በአፍሪካ ባሉ ሰፋሪዎች ቤት ሁሉ ገባ።

ማስታወቂያው እንዴት እንደተገነባ ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት ታላላቅ ምስክሮች ይቆሙለታል። አንደኛው ዳኛ ነው። በ1864 ብራውን ክሎሮዳይን የሚል ስም ይዞ ይሸጥ ከነበረ ሌላ ሰው ጋር ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር፤ ዳኛው ሰር ዊልያም ፔጅ ውድ የክሎሮዳይን ፈጣሪ ያለ ጥርጥር ብራውን ነው ብለው ተናገሩ። ማስታወቂያው ይህን ቃል ለአሥርተ ዓመታት ደጋግሞ አተመው። ዳኛው የተናገሩት ግን ማን እንደፈጠረው ነው፤ መድኃኒቱ ኮሌራ ማዳን አለማዳኑን አልመረመሩም። በችኮላ የሚያነብ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው «ፍርድ ቤት» የሚለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምስክር የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ሎርድ ራስል ናቸው። ማስታወቂያው እንደሚለው ኮሌራ በበረታባት ማኒላ ያለው ቆንስል የረዳው መድኃኒት ክሎሮዳይን ብቻ ነው ብሎ ለሚኒስትሩ ጻፈ፤ ሚኒስትሩ ለሐኪሞች ኮሌጅ አስተላለፉት፤ ጉዳዩም በታኅሣሥ 1864 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ሰንሰለቱን ልብ ይሏል፦ ከማኒላ ወደ ለንደን፣ ከቆንስል ወደ ሚኒስትር፣ ከሚኒስትር ወደ ሐኪሞች፣ ከሐኪሞች ወደ መጽሔት፣ ከመጽሔት ወደ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያ ተመልሶ በመርከብ ወደ ኒውዚላንድ። በእያንዳንዱ እርከን የሚጨመረው ማዕረግ ነው፤ ምርመራ ያካሄደ አንድም የለም። መነሻው ያው አንድ ቆንስል ያየው ወይም የሰማው ነው።

ክሎሮዳይን ምንም አይሠራም ማለት ስሕተት ይሆናል። ሞርፊን ተቅማጥን ይይዛል፣ ሳልን ያስታግሳል፣ ሕመምን ያደነዝዛል። በኮሌራ የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ስለሆነ ግን ሕመሙ ጸጥ ማለቱ መዳን አልነበረም። ከዚህም በላይ ደጋግሞ የወሰደው ሰው ሱሰኛ ይሆናል፤ መጠኑን ያሳለፈም ይሞታል። ጥርስ ለሚያበቅሉ ሕፃናት ማስተኛ ተብለው ከሚሸጡት ሽሮፖች ውስጥም ኦፒየም ወይም ሞርፊን ያለባቸው ነበሩ። እናቲቱ ልጄ ተኛልኝ ብላ አመሰገነች። የሰጠችው ምን እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ አልተጻፈላትም።

የመንግሥት ቴምብር ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ብሪታንያ በነዚህ መድኃኒቶች ላይ የቴምብር ቀረጥ ትሰበስብ ነበር፤ እስከ 1 ሽልንግ የሚሸጠው 1 ፔኒ ተኩል ይከፍላል። የቢቻም ሳጥን ዋጋ 1 ሽልንግ ከ1 ፔኒ ተኩል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቴምብሩ የተከፈለ ቀረጥን እንጂ ሌላ ነገርን አያረጋግጥም። ነጋዴዎቹ ግን «በመንግሥት ቴምብሩ ላይ ስማችን ካልተጻፈ ሐሰተኛ ነው» እያሉ ስለሚያስጠነቅቁ ብዙ ገዢ መንግሥት መድኃኒቱን መርምሮ ያጸደቀው መሰለው።

ሳሙና፣ መረቅና ኩራት

መድኃኒት ሻጩ የሚሸጠው ለፍርሃት ነው። የቤት ዕቃ ሻጩ ደግሞ ሌላ ስሜት አገኘ፦ ናፍቆትንና ኩራትን። በሩቅ አገር አቧራ ውስጥ የሚኖር ሰፋሪ እንግሊዛዊነቱን የሚያሳይበት ነገር ይፈልጋል። የለመደው ሳሙና፣ የለመደው ብስኩት፣ የለመደው ሻይ በየዕለቱ ማንነቱን ያስታውሱታል። አስተዋዋቂው ይህን ከማንም ቀድሞ ተረዳ።

የፒርስ ሳሙና ማስታወቂያ የቶማስ ባራት ሥራ ነው። በ1865 ድርጅቱን ከተቀላቀለ በኋላ ተዋናይቷን ሊሊ ላንግትሪን ለሳሙናው አስመሰከረ። በ1886 ታዋቂው ሠዓሊ ጆን ኤቨረት ሚሌ የሳሙና አረፋ ሽቅብ የሚያይ ሕፃን ሣለ፤ የልጅ ልጁ ነበር። ባራት ሥዕሉን በ2,200 ፓውንድ ገዝቶ ጥግ ላይ አንድ ሳሙና አስጨመረበትና ማስታወቂያ አደረገው። የሥዕሉ ቅጂ በብሪታንያም በቅኝ ግዛቶቹም በየቤቱ ግድግዳ ተሰቀለ። ሰዎች ማስታወቂያ ገዝተው ሳሎናቸውን አስጌጡ።

የፒርስ ሌላው ገጽታ ግን የሚያሳፍር ነው። በ1884 በወጣ ማስታወቂያ ላይ ነጭ ልጅ ጥቁሩን ልጅ ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ ሳሙና ይዞ ቆሟል። በሁለተኛው ሥዕል ጥቁሩ ልጅ ከገንዳው ወጥቶ መስተዋት ያያል፤ ፊቱ ጥቁር እንደሆነ ቀርቶ ከአንገቱ በታች ነጭ ሆኗል። የጥቁር ሰው ቆዳ ታጥቦ የሚለቅ እድፍ ነው የሚል መልእክት በገና ሰሞን በየቤተሰቡ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ማስታወቂያው ለአፍሪካውያን የተሠራ አይደለም። የተሠራው ለነጩ ገዢ ነው፤ የሚሸጥለትም ከሳሙናው ጋር የበላይነት ስሜት ነበር።

በ1887 የወጣው ደግሞ ወደ እኛ ጎረቤት ይመጣል። ሥዕሉ ሱዳን ውስጥ ድርቡሾች አንድ ትልቅ ቋጥኝ ፊት ቆመው፣ አንዳንዶቹም ተንበርክከው ያሳያል። ቋጥኙ ላይ ፒርስ ሳሙና ምርጥ ነው የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉም የብሪታንያ ጦር የደረሰበትን የመጨረሻ ስፍራ ያመለክታል ይላል። የማስታወቂያው ርእስ ይህን የብሪታንያ የድል ቀመር ያደርገዋል። እውነቱ ሌላ ነበር። ካርቱም የተከበበውን ጄኔራል ጎርደንን ሊያድን የዘመተው ጦር ሳይደርስለት በጥር 1885 ጎርደን ተገደለ፤ ጦሩም ተመለሰ። ከዚሁ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ነው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1889 መተማ ላይ የወደቁት። ሠራዊቱ ያላሸነፈውን ሳሙና አሸነፈ ተብሎ ሲታተም፣ ያን ገጽ የሚያየው ሰፋሪ ቦታው ደርሶ ሊያረጋግጥ አይችልም። ክሎሮዳይን የተሸጠበት ርቀት ሳሙናውንም ሸጠው።

ሳሙናው ውስጥ ያለውስ? የዊልያም ሌቨር ሰንላይት ሳሙና በ1885 መመረት ጀመረ፤ በ1888 ካልኩታ ወደብ ላይ በሳጥን በሳጥን ይራገፍ ነበር። ሌቨር ከእንስሳት ሞራ ይልቅ የአትክልት ዘይትን በብዛት ተጠቀመ። የብሪታንያ ሳሙናና ሻማ ፋብሪካዎች የምዕራብ አፍሪካን የዘንባባ ዘይት ሲሸምቱ አሥርተ ዓመታት አልፈዋቸዋል። በ1911 ሌቨር በቤልጅየም ኮንጎ ሰፊ የዘንባባ መሬት አገኘ፤ በዚያም የግዳጅ ሥራ ነበረ። እንግዲህ ማስታወቂያው ያልታጠበ አድርጎ የሣለው አፍሪካዊ የሳሙናውን ዘይት ለቅሞና ጨምቆ ያቀረበው ሰው ነው። ማስታወቂያው ግን ይህን አላሳየም።

በ1900 በደቡብ አፍሪካ ጦርነት ጊዜ የሥጋ መረቅ ሻጩ ቦቭሪልም እዚያው ደረሰ። የብሪታንያ ጦር አዛዥ ሎርድ ሮበርትስ ኦሬንጅ ፍሪ ስቴትን አቋርጠው የዘመቱበትን መንገድ በካርታ አውጥቶ፣ መስመሩ የእንግሊዝኛውን «ቦቭሪል» ፊደላት ይሠራል ብሎ አሳተመ። ጦርነቱን የሚከታተል ቤተሰብ ስለ ልጁ የሚያነብበት ካርታ የመረቅ ማስታወቂያ ሆነ።

ጋዜጣው ለምን ዝም አለ?

ርቀት ገዢውን አሳወረው ብንልም ያን ጊዜ እውነቱን ማቅረብ የሚችል አንድ ተቋም ነበረ፤ ጋዜጣ። የቅኝ ግዛት ጋዜጣ አንባቢው ጥቂት፣ ወጪው ብዙ ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ተመሳሳይ ዓምድ የሚከራይና በሰዓቱ የሚከፍል ደንበኛ ደግሞ መድኃኒት ነጋዴው ነው። ያን ደንበኛ አጭበርባሪ ብሎ መጻፍ የማተሚያ ቤቱን በር መዝጋት ነበር።

ካናዳዊው ጆርጅ ቴይለር ፉልፎርድ ይህን ግንኙነት ወደ ላቀ ደረጃ አደረሰው። በ1890 ኦንታሪዮ ውስጥ ብሮክቪል በምትባል ከተማ የዶክተር ዊሊያምስ ሮዝ ክኒን መብትን ከአንድ ሐኪም በ53 ዶላር ከ1 ሳንቲም ገዛ። ክኒኑ ውስጥ ብረት ስላለበት ደም ለሚያንሳቸው ሰዎች ሊረዳ ይችላል፤ ማስታወቂያው ግን ሽባ ያስነሣል ይል ነበር። ፉልፎርድ ማስታወቂያውን እንደ ዜና ጻፈው። ርእስ አለው፣ የሰው ታሪክ አለው፣ የከተማ ስም አለው፣ ፊደሉም የዜናው ፊደል ነው። አንባቢው ስለ አንዲት የታመመች ልጅ ሲያነብ ቆይቶ በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ክኒኑን ያገኛል። በኒውዚላንድ ጋዜጦች የአካባቢው ሰዎች ስም ይገባ ነበር። የሩቁ ምስክር ኃይሉ ሲደክም የቅርቡን ተኩ ማለት ነው፤ የቅርቡ ምስክር ግን የቆመው ጋዜጣው ባከራየው ዓምድ ውስጥ ነው። ክኒኑ ከ80 በሚበልጡ አገሮች ተሸጠ፤ ፉልፎርድም የካናዳ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ።

ሳጥኑ ሲከፈት

«ፓተንት መድኃኒቶች» ይባሉ ከነበሩት ከነዚህ ሸቀጦች ብዙዎቹ ፓተንት አልነበራቸውም። የፓተንት መብት የሚፈልግ ሰው ቀመሩን ለመንግሥት መግለጥ አለበት፤ እነሱ ደግሞ የሚኖሩት በምስጢር ነው። ሕጉ ከ1875 ወዲህ የንግድ ምልክት ማስመዝገብ ሲፈቅድላቸው ስሙን አስከብረው ውስጡን ደበቁ።

ምስጢሩን የሰበረው የኬሚስት ጠረጴዛ ነው። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር መድኃኒቶቹን እየገዛ አስመረመረና ውጤቱን በ1909 «ምስጢራዊ መድኃኒቶች» በሚል መጽሐፍ አወጣው። የቢቻም ክኒን በማስታወቂያው «ሳጥኑ ጊኒ ያወጣል» ይባል ነበር። የሚሸጠው በ1 ሽልንግ ከ1 ፔኒ ተኩል ነው። መጽሐፉ እንዳሰላው በሳጥኑ ያሉት 56 ክኒኖች የተሠሩበት ነገር ዋጋ ግማሽ ፋርዚንግ ገደማ ነው። የመሸጫው ዋጋ 54 ፋርዚንግ መሆኑ ነው፤ ከመቶ እጥፍ በላይ። ትርፉ በሙሉ ለባለቤቱ ኪስ አልገባም፤ እጅግ ብዙው ተመልሶ ለማስታወቂያ ዋለ። ስለዚህ ሰፋሪው በዋናነት የከፈለው ክኒኑን እንዲገዛ ለገፋፋው ወረቀት ነበር። በርካታ ጋዜጦች የዚህን መጽሐፍ ማስታወቂያ አናወጣም አሉ፤ ይህም ባለፈው ክፍል የተነሣውን ጥያቄ በቂ አድርጎ ይመልሳል።

ቅኝ ግዛቶቹ ከእናት አገራቸው ቀድመው ተንቀሳቀሱ። አውስትራሊያ ኦክታቪየስ ቢል የተባለ የፒያኖ ፋብሪካ ባለቤት የመራውን የምስጢራዊ መድኃኒቶች አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመች፤ ሪፖርቱ በ1907 ወጣ፤ ኦፒየም ያለባቸውን የሕፃናት ሽሮፖችም በብርቱ አወገዘ። ኒውዚላንድ በ1908 ስለ መድኃኒት ሐሰተኛ ማስታወቂያ ማውጣትን የሚከለክል ሕግ አጸደቀች። የብሪታንያ ምክር ቤት ኮሚቴም ከ1912 ጀምሮ መርምሮ ጠንካራ ሪፖርት አዘጋጀ። ሪፖርቱ የወጣው ነሐሴ 4 ቀን 1914 ነው፤ በዚያው ቀን ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች፣ ወረቀቱም መደርደሪያ ላይ ቀረ። አምራቹ የመድኃኒቱን ይዘት ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፍ ያስገደደውና እንደ ስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ላሉት ሕመሞች መድኃኒት ማስተዋወቅን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1941 ነው። ሆሎዌይ የመጀመሪያ ማስታወቂያውን ካወጣ ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ለእኛም ይሠራል። ዛሬ በስልካችን በሚመጣ ማስታወቂያ ላይ ሻጩ ሌላ አገር ነው፤ መስካሪዋ ሴት ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ ዱቄቱ ወይም ጠብታው ከስኳር በሽታ እስከ መካንነት ይፈውሳል ይባላል። የሆሎዌይ ዝርዝር ዛሬም በፊደል ተራ አለ። ገዢው ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላል፦ በውስጡ ያለው ምንድን ነው? የመሰከረውን ሰው ላገኘው እችላለሁ? ይህን ያሳየኝ ሰው ከማን ይከፈለዋል?

ጥያቄዎቹን ለገዢው ብቻ ጥሎ መሄድ ግን ፍትሕ አይደለም። የወርቅ ሰፈሩ ሠራተኛም ሆነ ሌሊት ልጇን የታቀፈችው እናት እሬቱን ወይም ሞርፊኑን በዓይናቸው ሊለዩ አይችሉም ነበር። ያዳናቸው የራሳቸው ጥርጣሬ አይደለም፤ የመረመረ ኬሚስት፣ ያጣራ ኮሚሽንና ሻጩን «የያዝከውን ጻፍ» ያለ ሕግ ነው። መድኃኒት የሚሸጥ ሁሉ ውስጡን እንዲገልጥ ማስገደድ ለንግድ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን ለታመመ ሰው የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ያን ዕዳ መጠየቅም የእያንዳንዱ ዜጋና የእያንዳንዱ ጋዜጠኛ ድርሻ ነው።